በሁለት መዝገብ መካከል

ሰኞ ጠዋት በኤዲቶሪያል ስብሰባ ላይ ዋና አዘጋጁ «እህስ፣ ምን ይዛችሁ መጣችሁ?» ሲል ብዙ ጊዜ የሚከተለው ዝምታ ነው። ቆይቶ አንዱ በሆቴል ስለሚካሄድ ወርክሾፕ ያነሳል፤ ሌላዋ ማታ ፌስቡክ ላይ ሰው ሲንጫጫበት ያየችውን ትጠቅሳለች፤ ሦስተኛው የሚኒስቴር መሥሪያ ቤት መግለጫ ይዟል። ሦስቱም ዜና ሊወጣቸው ይችላል። ሦስቱንም የመረጠው ግን ሪፖርተሩ አይደለም፤ ወርክሾፑን ጠሪው፣ ጫጫታውን የፌስቡክ ቀመር፣ መግለጫውን የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ መርጠውለታል።

በየሥልጠናው «የዜና ሐሳብ የሚገኝበት ጥሩ ድረ ገጽ ጠቁሙን» የሚለው ጥያቄ የሚነሳው ከዚህ ችግር ነው። መልሴ ጠያቂውን ያስከፋዋል፤ እንዲህ ያለ ድረ ገጽ የለም። ኢንተርኔት ላይ ያለው መዝገብ ነው። ጉምሩክ ይመዘግባል፣ ፓርላማ ይመዘግባል፣ አውሮፕላን በሰማይ ላይ ሳለ ራሱን ይመዘግባል፣ ሳተላይት በየጥቂት ቀኑ እየዞረች መሬቱን ታነሳለች። አንዱን መዝገብ ብቻ ያነበበ ሰው የሚያገኘው መግለጫ ነው። ስለ አንድ ነገር የተጻፉ ሁለት መዝገቦችን ጎን ለጎን አስቀምጦ የማይገጥሙበትን ቦታ ያየ ሰው ግን ጥያቄ ያገኛል፤ ዜና ደግሞ የሚጀምረው ከጥያቄ ነው።

የወርቁን ጉዳይ እንይ። የሮይተርስ ጋዜጠኞች እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ባወጡት ምርመራ የተባበሩት አረብ ኤምሬትስን የጉምሩክ መረጃ ተመለከቱ። ኤምሬትስ በ2016 ከአፍሪካ 446 ቶን ወርቅ ማስገባቷን መዝግባለች፤ ዋጋው 15.1 ቢሊዮን ዶላር ነው። ከአሥር ዓመት በፊት በ2006 የነበረው 67 ቶን፣ ዋጋውም 1.3 ቢሊዮን ዶላር ነበር። ቀጥለው የአፍሪካ አገሮች «ወደ ኤምሬትስ ላክን» ብለው ያስመዘገቡትን አዩ። ከተቀባይዋ መዝገብ ውስጥ ያለው ብዙ ወርቅ ከላኪዎቹ መዝገብ ውስጥ አልነበረም። ግብር ሳይከፈልበት ከአህጉሩ የሚወጣ ወርቅ መኖሩን ለመጠርጠር ሚስጥራዊ ሰነድ አላስፈለገም። እነዚህ መዝገቦች የሚገኙበት የተመድ ኮምትሬድ የተባለው የንግድ መረጃ ቋት ማንም ሰው ከአዲስ አበባ ሆኖ ሊከፍተው የሚችል ነው።

አሠራሩ ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሸቀጥ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚታወቅበት ቁጥር አለው፤ ወርቅ 7108፣ ቡና 0901 ነው። ላኪ አገር፣ ተቀባይ አገር፣ የሸቀጡን ቁጥርና ዓመቱን ታስገባላችሁ። ከዚያ ላኪና ተቀባይ ቦታ ይለዋወጡና ፍለጋው ይደገማል። ኢትዮጵያ ወደ ሳዑዲ አረቢያ ላክሁ ያለችው ቡናና ሳዑዲ ከኢትዮጵያ አስገባሁ ያለችው ቡና በሁለት መስኮት ይቀመጣሉ።

ሁለቱ ቁጥሮች ስላልገጠሙ ብቻ «ኮንትሮባንድ ተገኘ» ብሎ መጮህ ግን አይገባም። ላኪው የሚመዘግበው በወደብ ላይ ያለውን ዋጋ ነው፤ ተቀባዩ የመርከብ ጭነትና የኢንሹራንስ ወጪ ይደምርበታል። በዲሴምበር የተጫነ ዕቃ የሚራገፈው በጃንዋሪ ከሆነ በሁለት የተለያዩ ዓመታት ይመዘገባል። የእኛ መሥሪያ ቤቶች ሪፖርት የሚያወጡት ሐምሌ 1 በሚጀምረው በጀት ዓመት መሆኑም አለ፤ ኮምትሬድ የሚቆጥረው ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። ይህን ሁሉ ቀንሶ አሁንም የሚተርፍ ልዩነት ካለ፣ ስልክ ማንሳት የሚገባው ያኔ ነው።

ወደ አገር ቤት ስንመጣ፣ ከሁሉ የተናቀው የሐሳብ ምንጭ የጨረታ ማስታወቂያ ይመስለኛል። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ በሚታተመው አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ የጨረታ ገጾቹን የሚያነባቸው ነጋዴ ነው፤ ጋዜጠኛ ሲያልፋቸው ነው የማየው። አንዱን ማስታወቂያ እስኪ ቀረብ ብለን እናንብበው። የዞን ጤና መምሪያ የሕክምና መሣሪያ ሊገዛ ይፈልጋል እንበል። በርዕሱ ላይ «በድጋሚ የወጣ ግልጽ ጨረታ» ይላል። ዕቃው በሎት ተከፍሏል፣ ሰነዱ የማይመለስ ብር ተከፍሎ ይወሰዳል፣ የጨረታ ማስከበሪያው በሲፒኦ ይያዛል፣ መጨረሻው ላይ «መምሪያው ጨረታውን በሙሉም ሆነ በከፊል የመሰረዝ መብቱ የተጠበቀ ነው» የሚለው የታወቀ ዓረፍተ ነገር አለ። ሐሳቡ ያለው «በድጋሚ» የሚለው ቃል ላይ ነው። የመጀመሪያው ጨረታ መቼ ወጣ? ለምን ፈረሰ? ዝርዝሩ ላይ ያለው መሣሪያ ተለውጧል ወይስ ያው ነው? ተጫራች እንዲያሟላ የሚጠየቀው መስፈርት ጠብቦ አንድ ድርጅት ብቻ የሚያልፍበት ሆኗል? ይህ ሁሉ ሲንከባለል ያ መሣሪያ የሚያስፈልጋቸው ሕሙማን የት ሄደው ይታከማሉ? የቆየውንና አዲሱን ማስታወቂያ ያስተያየ ሪፖርተር ለስብሰባው ከበቂ በላይ ይዟል።

የፌዴራል ዋና ኦዲተር ሪፖርትም እንደዚሁ ነው። በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ ሁላችንም ትልቁን ቁጥር ይዘን እንሮጣለን፤ ይህን ያህል ቢሊዮን ብር ያልተወራረደ ሂሳብ፣ ይህን ያህል ያልተሰበሰበ ገቢ። በማግስቱ ይረሳል። የሚያስቆጨው፣ ስሙ የተነሳው መሥሪያ ቤት ባለፈው ዓመትና ከዚያ በፊት በነበረው ሪፖርት ላይ ምን እንደተባለ የሚመለከት አለመኖሩ ነው። ተመሳሳይ ግኝት ሦስት ዓመት በተከታታይ ከተደገመ፣ ዜናው የገንዘቡ መጠን መሆኑ ይቀርና እርምጃ የሚወስድ መጥፋቱ ይሆናል።

አንዳንዱ መዝገባችን ደግሞ በውጭ አገር ይገኛል። የዓለም ባንክ ብድር የሰጠባቸውን ፕሮጀክቶች የአፈጻጸም ሪፖርት በድረ ገጹ ላይ ያስቀምጣል፤ ይጠናቀቃል የተባለበት ቀን ከሪፖርት ሪፖርት ሲገፋ መከታተል ይቻላል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1938 ባወጣችው ሕግ ደግሞ ለውጭ መንግሥት የሚሠሩ ወትዋቾች ውላቸውን ለፍትሕ ሚኒስቴሩ ማስመዝገብ ግዴታቸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በዋሽንግተን የኢትዮጵያ ኤምባሲ ኤስጂአር ከተባለው ድርጅት ጋር በወር 150 ሺህ ዶላር መዋዋሉን ያወቅነው ከዚህ መዝገብ ነው። አዲስ አበባ ላይ ጠይቆ ማግኘት የሚከብድ ወረቀት ዋሽንግተን ላይ ያለ ደጅ ጥናት ይነበባል። መረጃ የማግኘት መብትን የደነገገው አዋጅ ቁጥር 590/2000 መኖሩን ግን አትርሱ፤ ኢንተርኔት ላይ ያጣችሁትን በደብዳቤ ጠይቁ። ቢከለከል እንኳ የክልከላው ደብዳቤ ራሱ መዝገብ ነው።

እዚህ ላይ በአማርኛ ለሚፈልግ ሰው ብቻ የሚገጥመውን ችግር ማንሳት አለብኝ፤ የውጭ አገር ማሠልጠኛ መጻሕፍት አያውቁትም። ጎግል ላይ ሐረግን በጥቅስ ምልክት ማጠር፣ «ሳይት» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፎ ፍለጋውን በመንግሥት ድረ ገጾች ላይ ብቻ መወሰን፣ ወይም ፒዲኤፍና ኤክሴል ብቻ እንዲመጣ ማዘዝ ጥሩ ነው። ግን ጸሐፊው «ፀሐይ» ብሎ ጽፎ እናንተ «ጸሀይ» ብላችሁ ከፈለጋችሁ ላትገናኙ ትችላላችሁ። «ሠራተኛ» እና «ሰራተኛ»፣ «ኃይለ» እና «ሀይለ»፣ «ጽሕፈት ቤት» እና «ጽ/ቤት» ለማሽኑ የተለያዩ ናቸው። በየአጻጻፉ መፈለግ ግድ ነው። ከዚህ የባሰው የድሮው ሰነድ ነው። የግዕዝ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ሲሆን ከዚያ በኋላም ለረጅም ጊዜ መሥሪያ ቤቶች እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ፎንቶች ይጽፉ ነበር። ዓይናችን የሚያነበው አማርኛ ለመፈለጊያው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ነው። በስካነር የተነሳ ደብዳቤ ደግሞ ፎቶ ስለሆነ ጭራሹኑ አይነበብም። እንዲህ ያለውን ፋይል የድረ ገጹን ክፍሎች እየከፈቱ በዓይን ማደን፣ ወይም ጎግል ድራይቭ ላይ ጭኖ ጽሑፉን ከምስሉ እንዲያወጣ ማድረግ ነው ያለው መላ።

ስምም ያስቸግራል። የቤተሰብ ስም የለንም፤ በብሪታኒያ የኩባንያ መዝገብ ወይም በፓናማ ሰነዶች ቋት ውስጥ የአንድ ሰው የአባት ስም፣ አንዳንዴም የአያቱ፣ እንደ ቤተሰብ ስም ተይዞ ይገኛል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ ደግሞ አንዱ «መሐመድ» ብዙ ዓይነት ይሆናል። የገጠመ ስም ስላገኛችሁ ሰውየውን አገኛችሁት ማለት አይደለም፤ የልደት ዘመን ወይም አድራሻ ካልገጠመ ሞክሼ ነው ብላችሁ ጀምሩ።

ሰዓትና ቀንም ሌላው ወጥመድ ነው። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከቦሌ ሲነሳ የእኛ ሰዓት ከጠዋቱ 2፡38 ነበር። የውጭ ዜና ወኪሎች 8፡38 ብለው ጻፉ። በረራ መከታተያዎች የሚጠቀሙበት ዓለም አቀፍ ሰዓት ደግሞ 05፡38 ይላል። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ ሳያስተውል የቀላቀላቸው ግን ተሳስቶ ያሳስታል።

ያ አውሮፕላን ከተነሳ ከስድስት ደቂቃ በኋላ ቢሾፍቱ አቅራቢያ ተከስክሶ 157 ሰዎች አለቁ። ጥቁሩ ሣጥን ገና ሳይከፈት በዚያው ዕለት በአደባባይ የነበረ አንድ መዝገብ ነበር። አውሮፕላኖች ቦታቸውን፣ ከፍታቸውንና ፍጥነታቸውን በሬዲዮ ያሰራጫሉ፤ በስዊድን የተጀመረው ፍላይትራዳር24 ይህን በየአገሩ ፈቃደኞች በተከሏቸው መቀበያዎች ይሰበስባል። ድርጅቱ በሰዓታት ውስጥ የአውሮፕላኑ የመውጣትና የመውረድ ፍጥነት ከተነሳ በኋላ ያልተረጋጋ እንደነበር የሚያሳይ መረጃ አወጣ። መረጃው የጥቂት ደቂቃ ብቻ ነበር። ቀሪውን የያዘው ኤይሪዮን የተባለው ድርጅት በሳተላይት የሰበሰበው ነው። የካናዳ ትራንስፖርት ሚኒስትር ማርክ ጋርኖ በሦስተኛው ቀን የዚህ ዓይነቶቹን ቦይንግ 737 ማክስ አውሮፕላኖች ከበረራ ሲያግዱ የጠቀሱት ይህንኑ የሳተላይት መረጃ ነበር። ከአምስት ወር ባልሞላ ጊዜ በፊት ኢንዶኔዥያ ላይ 189 ሰዎች ይዞ ከወደቀው የላዮን ኤር አውሮፕላን ጋር ሲያስተያዩት የሁለቱ አወጣጥ ይመሳሰላል። እዚህም ሥራውን የሠራው የአንዱ በረራ መስመር ብቻውን አይደለም፤ ሁለተኛው አጠገቡ መቀመጡ ነው። አሜሪካም በዚያው ቀን አገደች።

ከዚህ ሁሉ በትዕግሥት የሚበልጠው የካሜሩኑ ምርመራ ነው። በሐምሌ 2018 (እ.ኤ.አ.) ወታደሮች ሁለት ሴቶችንና ሁለት ሕፃናትን ወስደው ሲረሽኑ የሚያሳይ ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ ተሰራጨ። የካሜሩን መንግሥት ሐሰት ነው አለ። የቢቢሲ አፍሪካ አይ ቡድን ክርክሩን ትቶ ቪዲዮውን አንድ በአንድ ፈታው። በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ከሰዎቹ ጀርባ የተራራ ሰንሰለት ይታያል። የተራራውን ቅርጽ ከጎግል ኧርዝ ጋር ለማመሳከር ብዙ ደከሙ፤ አልተገኘም። ከዚያ አንድ የካሜሩን ምንጭ «ዜሌቬት አካባቢ ሞክሩ» አላቸው። ከናይጄሪያ ድንበር አጠገብ ያለች መንደር ናት። ተራራው እዚያ ገጠመ። ቴክኖሎጂው ያላገኘውን ቦታ አገሩን የሚያውቅ ሰው በአንድ ቃል አቀረበው፤ ይህን የምለው ሥራቸውን ለማሳነስ አይደለም፣ ሥራቸውን ያሳመረው ይህ ስለሆነ ነው።

ቀጥሎ ጊዜው ነበር። በቪዲዮው ላይ የሚታይ አንድ ሕንፃ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ገና ቆሞ ነበር፤ ከዚያ በኋላ በተነሱ የሳተላይት ምስሎች ላይ የለም። ስለዚህ ግድያው ከዚያ በፊት ነው። ሰዎቹ የሚሄዱበት የእግር መንገድ በሳተላይት ላይ የሚታየው በበጋው ወራት ብቻ ነው፤ ወራቱ ጠበበ። በመጨረሻ የወታደሮቹን ጥላ ለኩ። የጥላው ርዝመትና አቅጣጫ የፀሐይን ከፍታ ይናገራል፣ የፀሐይ ከፍታ ቀኑን ይናገራል፤ እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 20 እስከ ሚያዝያ 5 ቀን 2015 ባለው ጊዜ ውስጥ ነው አሉ። መንግሥት ወታደሮችን ማሰሩን አምኖ ነበር፤ በ2020 ወታደራዊ ፍርድ ቤት በአራቱ ላይ የአሥር ዓመት እስራት ፈረደ። በአገራችንም የምርመራ ቡድኑ ቤሊንግካት፣ ቢቢሲና ሲኤንኤን በ2021 ከትግራይ ማኅበረ ዴጎ የወጣውን የግድያ ቪዲዮ ቦታ ያረጋገጡት የተራራውን አቀማመጥ በማመሳከር ነበር።

መሣሪያዎቹ እንደሚሞቱ ግን ማወቅ ያስፈልጋል። ፌስቡክ በ2019 ግራፍ ሰርች የተባለውን መፈለጊያ አጠፋው። ብዙ የዜና ክፍሎች የሐሰት ወሬ ሲጓዝ ይከታተሉበት የነበረው ክራውድታንግል በነሐሴ 2024 ተዘጋ። ጎግልም ያስቀመጠውን የገጽ ቅጂ የሚያሳየውን ማያያዣ በዚያው ዓመት አነሳ። የመሣሪያ ስም ዝርዝር የሚያስተምር መጽሐፍ ከማተሚያ ቤት ሳይወጣ ያረጃል። ይህ መጽሐፍም እንደዚያው።

ስለዚህ ያያችሁትን ወዲያው አስቀምጡ። ኢንተርኔት አርካይቭ በሳን ፍራንሲስኮ ብሩስተር ኬል እ.ኤ.አ. በ1996 የመሠረተው ቤተ መጻሕፍት ሲሆን፣ ዌይባክ ማሽን በተባለው አገልግሎቱ የአንድን ድረ ገጽ የቆየ መልክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2014 የማሌዥያ አውሮፕላን ኤምኤች17 በምሥራቅ ዩክሬን ተመትቶ 298 ሰዎች በሞቱ ዕለት፣ በተገንጣዮቹ አዛዥ በስትሬልኮቭ ስም የሚንቀሳቀስ ገጽ «አንቶኖቭ 26 መትተን ጣልን» የሚል መልእክት አውጥቶ ነበር። መልእክቱ ተሰረዘ፤ ቅጂው ግን በዌይባክ ማሽን ተይዞ ቀረ። አርካይቩ ራሱ በጥቅምት 2024 በመረጃ ጠላፊዎች ተመትቶ ለቀናት ተዘግቷል፤ ስክሪን ሾቱን በራሳችሁ ኮምፒውተርም ላይ፣ ከቀኑና ከአድራሻው ጋር አኑሩ።

ስለ ጎግል ትሬንድስ ብዙ አልልም። የሚያሳየው የፈላጊውን ብዛት ሳይሆን ከዜሮ እስከ መቶ የተሰላ አንጻራዊ መጠን ነው፤ ሕዝቡ በቴሌግራምና በቲክቶክ በሚጠያየቅበት አገር ደግሞ የሚያሳየው ጥቂቱን ነው። ጎግል አለርትስ ላይ የምትከታተሉትን መሥሪያ ቤት ስም በሁለት ሦስት አጻጻፍ ማስመዝገብ ግን ወጪ የለውም። ቻትጂፒቲንና መሰሎቹን የት ልፈልግ ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ምን ተፈጠረ ብላችሁ አትጠይቋቸው። በ2023 ኒው ዮርክ ውስጥ ጠበቆች ከቻትጂፒቲ የወሰዷቸውን የፍርድ ውሳኔዎች ለችሎት አቅርበው ውሳኔዎቹ ጭራሽ የሌሉ ሆነው በመገኘታቸው 5 ሺህ ዶላር ተቀጥተዋል።

ወደ መዝገቦቹ እንመለስ፤ በየመንና በሳዑዲ ድንበር ላይ በኢትዮጵያውያን ስደተኞች ላይ የደረሰውን ግድያ ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2023 ሲያወጣ፣ ተመራማሪዎቹ ድንበሩን አልረገጡም። 42 ሰዎች አነጋገሩ፤ 38ቱ ከዚያ የተረፉ ስደተኞች ነበሩ። ከ350 በላይ ቪዲዮና ፎቶ መረመሩ። በመቶዎች የሚቆጠር ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሳተላይት ምስል አዩ፤ በስደተኞቹ ሰፈሮች አጠገብ የመቃብር ቦታው እየሰፋ ሲሄድ ይታያል። ምስሉ መቃብሩ መብዛቱን እንጂ ማን እንደተኮሰ አይናገርም። እሱን የተናገሩት የተረፉት ናቸው።

ብዙ ስደተኛ ከወጣባቸው አካባቢዎች ቋንቋ የሚናገር፣ የሟቹን ሰፈር የሚያውቅ ጋዜጠኛ ለዚህ ዓይነት ሥራ ከማንም የቀረበ ነበር። እኛ ያልሠራነው መሣሪያው ስለተከለከለን አይደለም፤ ሳተላይቱ ክፍት ነው፣ ቪዲዮውም በየስልካችን ይዞራል። ሴንቲኔል 2 የተባሉት የአውሮፓ ሳተላይቶች የኢትዮጵያን መሬት በየአምስት ቀኑ ያህል እያነሱ በነፃ ያስቀምጣሉ።

ይህን ምዕራፍ አንብቦ አንድ ነገር ብቻ ለመሞከር ለሚፈልግ ሪፖርተር የምለው ይህ ነው፦ በዚህ ሳምንት ከወጡት ማስታወቂያዎች «በድጋሚ» የሚል አንድ ጨረታ ምረጥ። የፊተኛውን ፈልግ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጥ፣ ልዩነቱን በቀይ አስምር። ከዚያ ለመሥሪያ ቤቱ ደውል፣ ለወደቁት ተጫራቾችም ደውል። ሰኞ ስብሰባ ላይ ይዘህ የምትቀርበው እሱን ይሁን።